ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቪላው ስለ ሣሩ ሲጨነቅ ያየ ሰው ቤቱ ውስጥ በሽተኛ የተኛ ይመስለዋል። በበጋ ጠራራ ፀሐይ በጎማ ያጠጣዋል፤ ከውኃው የተወሰነው ሥሩ ሳይደርስ ይተናል። በክረምት ደግሞ ከዝናቡ ጋር እየተፎካከረ ያጠጣል፤ ሣሩ ቢጫ ሲሆንበት «ውኃ ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል። በዓል ሲደርስ እስከ ሥሩ ያስላጨዋል። ሣር በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ከተቆረጠ እንደሚጎዳ አትክልተኛው ቢነግረውም «ያምራል፣ ቁረጠው» ነው መልሱ። ከዚያ በሩ አጠገብ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ይተክላል።

ይህ በክብር የተያዘው ሣር ብዙ ጊዜ ሰርዶ ነው። አባት ከማሳው ሲነቅለው የኖረውን አረም ልጅ በካሬ ሜትር ይገዛዋል። ፈረንጆቹም ቤርሙዳ ብለው ለጎልፍ ሜዳቸው የሚንከባከቡት ይኸንኑ ነው። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ዋጋውን ሳትሰማ መሆን አለበት።

መስቀል ሲመጣ ባለ ቪላው በወልቂጤና በእምድብር አድርጎ ጉንችሬ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ አባቱ መንደር ይታጠፋል። ጀፎረው፣ የጉራጌ መንደር ሰፊው የጋራ ጎዳና፣ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ግራና ቀኝ ጎጆዎቹ ተሰልፈዋል፣ ከጀርባቸው እንሰቱ፣ መሃሉ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም እዚያው ነው። አትክልተኛ የለውም፤ ላሞቹ ያጭዱታል፣ እግረ መንገዳቸውን ፍግ ይጥሉለታል። ድንበሩን ገፍቶ የሚያጥር ካለ ሽማግሌዎች በቂጫ፣ በባህላዊ ሕጋቸው፣ ይዳኙታል። ታፔላ የሚባል ነገር አይታወቅም።

ታዲያ መስከረም 17 ማለት መሬቱ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ገና ያልጠነከረበት ጊዜ ነው። እንግዳችን ግን ላንድክሩዘሩን ይዞ ጀፎረው መሃል ይገባል። ከአጎቱ በር እስከ አክስቱ በር በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እሱ ግን በመኪና ነው የሚሄደው፣ ካልሆነ ማን ያየዋል? ሲያዞረው ጎማው ሣሩን ከነሥሩ ገልብጦ ይጥለዋል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቁራጯን አንስተው፣ ሥሯን ወደ ታች አድርገው፣ በእግራቸው ጫን ጫን ያደርጓታል።

«አባባ ይተዉት፣ ሣር አይደል እንዴ! ይበቅላል» ይላል በመስኮቱ።

«እናንተ ዘንድ አይበቅልም?» ይሉታል።

በጎማው ፈለግ ውኃ ይቋጥራል፤ የተጠቀጠቀው አፈር ሥሩን አየር ይነሳዋል፣ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ቦታውን ከብት የማይቀምሰው አረም ይወርሰዋል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ ውኃውን በቦይ ማፍሰስ፣ አፈሩን መፈንቀል፣ ፍግ ጨምሮ የሰርዶ ቁራጭ መትከል፣ ሥር እስኪሰድ ከብት መከልከል። መከላከያው ደግሞ ጭራሽ በነጻ ነው፤ መኪናን ዳር አቁሞ በእግር መሄድ።

ይህን ማንም አላነሳውም። ክትፎው ተበልቶ ሰው ሲረጋጋ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ጉዳዩ በጣም እንዳሳሰበው ገልጾ ሐሳብ አቀረበ፦ «ሣሩ እንዳይበላሽ ለምን ኮብልስቶን አናነጥፍበትም?» ወዲያው ሦስት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው የመዋጮ ስም ዝርዝር መያዝ ጀመሩ።