ስንት በስንት ነው?

አብዛኛው ሰው የፎቶን ዋጋ የሚያውቀው ፎቶ ቤት በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ጉርድ ይህን ያህል፣ ፖስት ካርድ ያን ያህል፣ ሳሎን የሚሰቀለው የሠርግ ፎቶ ከነፍሬሙ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ «ፎቶህን ለንግድ ልጠቀምበት» ብሎ የሚመጣ ደንበኛም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት በስንት ነው?» ብሎ ነው። የት እንደሚያወጣው፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ስጠይቀው ወሬ የማስረዝም ይመስለዋል። እሱ የሚፈልገው በሴንቲ ሜትር እንድነግረው ነው።

ሰሞኑን የመጡት ጋሼ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተው፣ አሽገው ይሸጣሉ። የወደዱት አንድ ፎቶ ነው፦ አንዲት እትዬ ከጀበና ሲቀዱ፣ እንፋሎቱ በመስኮት በገባው ብርሃን ላይ ሲጥመለመል። ማሸጊያው ላይ፣ ባነር ላይ፣ የጭነት መኪናቸው ጎን ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ በሚታደለው ካላንደርም ላይ ሊያወጡት አስበዋል። ዋጋዬን ነገርኳቸው።

«ለአንድ ፎቶ? አንዴ አንስተኸዋል እኮ ልጄ፤ ከዚህ በኋላ ምን ያደክምሃል?»

ደግሞም «ስምህን ከሥር እናወጣልሃለን፤ ማስታወቂያ ይሆንሃል» አሉ። ስሜ መጻፉማ በሕግም መብቴ ነው፤ ግን የትኛውም ነጋዴ ስሜን አይቶ ዘይት አልሰጠኝም።

ጋሼ ከቡናው ሌላ ግቢያቸው ውስጥ የሚያከራዩዋቸው ክፍሎች አሏቸው። ክፍሎቹ የተሠሩት ድሮ ነው፤ «አንዴ ሠርተውታል፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደክምዎታል?» ብሎ ኪራይ ያስቀረ ተከራይ ግን እስካሁን አልሰማሁም። እንግዳ እንዳያሳድር፣ ምስማር እንዳይመታ፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳያስተላልፍ በውል ያስፈርሙታል። እኔም በዚሁ ቋንቋ ገባሁ። ጋሼ፣ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ እንጂ ካርታውን አልሰጥዎትም። የማሸጊያው ፈቃድ ለማሸጊያ ነው፤ ባነሩ ሌላ ክፍል ነው። ለሀገር ውስጥ ተስማምተን ዱባይ ከታየ እንግዳ አሳደሩ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ካልን በሦስተኛው እንደገና እንነጋገራለን። ለሌላ ቡና ነጋዴ እንዳልሰጥ ከፈለጉ ደግሞ ግቢውን በሙሉ ተከራዩ ማለት ነውና ዋጋው ከፍ ይላል።

ወዲያው ገባቸው። ስለገባቸውም ተቆጡ፤ ተከራይ መሆን አልለመዱም። «በቃ ሽጥልኝ! ለዘላለም!»

ዘላለም ደግሞ ከሁሉ ይወደዳል። ኢንተርኔት ካፌ ያደገ ሰው ሁሉ ያንን አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማዩ ያውቀዋል፤ የዊንዶውስ ኤክስፒን። ሱሉልታ ነው ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም ነበር። ቻርልስ ኦሪር የሚባል ፎቶግራፈር ካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ያነሳው ነው። በ2000 ማይክሮሶፍት ሙሉ መብቱን ገዛው። ስንት እንደተከፈለው እንዳይናገር በውል ታስሯል፤ ግን ዋናውን ፊልም ለመላክ ሲሞክር ዕቃ አመላላሾቹ ዋጋውን ሰምተው አንወስድም ስላሉት፣ ማይክሮሶፍት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦለት ራሱ ወስዶ አስረከበ።

«እኔም የታክሲህን እችላለሁ» አሉ ጋሼ።

የፎቶግራፈሯን የሊን ጎልድስሚዝንም ነገርኳቸው። ቫኒቲ ፌር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1984 የዘፋኙን የፕሪንስን ፎቶ ከእሷ በ400 ዶላር ወሰደ፤ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል አይቶ እንዲሥልበት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ። ዋርሆል ግን አንዱን ብቻ ሥሎ አላቆመም፤ ተከታታይ ሥዕል ሠራበት። በ2016 ፕሪንስ ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ከእነዚያ አንዱን ሽፋን ላይ አወጣና ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ከፈለ፤ ለእሷ ሳንቲም አልደረሳትም። ነገሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2023 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ረታች።

ጋሼ ፍርዱን ትተው «ጠበቆቹስ ስንት በሉ?» አሉኝ። የነጋዴ ጥያቄ ነው። መጻፍ ይረክሳል ብዬ ውሉን አወጣሁ። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቅር የሚለኝ ዕድሜው ነው፦ የደራሲ መብት እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል፤ የፎቶ መብት ግን ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ልጅ ሆኜ ያነሳሁት ሳልሸብት የሕዝብ ይሆናል! ጋሼ 25 ሲሉ ሰምተው «ታዲያ ልጠብቀው?» አሉ። ቡናው ይበርድብዎታል አልኳቸው።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ማሸጊያና ካላንደር፣ ሁለት ዓመት፣ ሀገር ውስጥ። መኪናው ቀረ።

የቀረው የእትዬ ፊት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለፎቶግራፈሩ የከፈሉ ብዙዎች ይህን ይረሱታል፤ ፎቶው የእኔ ቢሆንም ፊቱ የእትዬ ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ይዤ ስሄድ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩ። «የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉ። ድርሻቸው ተጻፈና ፈረሙ። ብዕሩን ሲመልሱልኝ «ረከቦቱና ስኒው ግን የጎረቤቴ ናቸው፤ ተውሼ ነው» አሉኝ።

ረከቦት ፊት የለውም፣ አንቀጽ 27 አይነካውም ብዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ባለ ረከቦቷ ልጇን ላከችብኝ። ጋሼ ከስንት ክርክር በኋላ የገባቸው እሷ ከአጥር ወዲያ ሆና ገብቷታል። ልጁ በር ላይ ቆሞ መልእክቱን አደረሰ፦

«እማዬ፣ ቡናው ወደ ውጭም ይላካል ወይስ እዚሁ ብቻ ነው የሚሸጠው ብላሃለች።»