ርዕሱ ይበቃኛል

«ጋዜጣ ሞተ፣ አንባቢ ጠፋ» እያሉ ሙሾ የሚያወርዱ ሰዎችን ተዉልኝ። አዲስ ዘመን በ1933 ሲጀመር፣ በኩርም በ1987 ባሕር ዳር ላይ መታተም ስትጀምር፣ ሰው ዜና የሚሰማው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነበር፤ እንዴት ያለ ኋላ ቀር ጊዜ ነበር! ዛሬ ዩቲዩብ ምስጋና ይግባውና ነገሩ ከመሆኑ በፊት እንሰማለን፤ ባይሆንም እንሰማለን።

ጎንደር ፒያሳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር አጠገቤ ያለው ሰው ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቆ ይጋብዘኛል። ሽፋኑ ላይ የሚያለቅስ ሰውዬ፣ የሚነድ አውሮፕላንና ቀይ ቀስት አለ። ተራኪው «ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ» እያለ ይምላል ይገዘታል፤ ጉዱ ግን አይመጣም።

«ሰማህ አይደል ወንድሜ?»

«ምኑን?»

«እሱን እንኳ ገና አልጨረስኩትም። ርዕሱ ግን ከባድ ነው፤ ለሁሉም ልኬዋለሁ።»

የዚህ ጋዜጠኝነት ትልቁ በረከት ዜናው ራሱን በራሱ እውነት ማድረጉ ነው። ጠዋት «ጎንደር ነዳጅ ሊያልቅ ነው» ይባል። ረፋድ ላይ የከተማው ባጃጅ ሁሉ ማደያ ይሰለፋል፤ ባጃጅ የሌለውም ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ማታ ነዳጁ በእርግጥ ያልቃል፤ ቻናሉም «ቀድመን እንዳልነው» ይላል። ሙሽራ ሊያመጡ አዘዞ የሚወርዱት ሚዜዎች በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ መሽቷል። የሙሽራዋ ወገን «ናቁን» ብሎ በር ይዘጋል። ለማስታረቅ የተላኩት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ስልክ ከፍተው «ታላቁ ሰርግ ፈረሰ» የሚል ያያሉ፤ «ለፈረሰ ነገር ምን አደከመን» ብለው ይመለሳሉ። ሰርጉም ፈረሰ ስለተባለ ይፈርሳል። ጠላው ይሻግታል፣ ሥጋው ለጎረቤት ይታደላል፣ ሙሽራው አኩርፎ ደባርቅ አክስቱ ቤት ይገባል። ቻናሉ ግን አይተኛም፦ «ሙሽራው የት ገባ? ክፍል 14»።

ሌላም በረከት አለ። በሕይወት ያሉ አርቲስቶች በየጊዜው እየሞቱ ቤተሰባቸውን ያለማምዳሉ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በወሬ ብቻ ተወደዱ፤ ያኔ ገና ጀማሪዎች ነበርን። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋማ ያየነውን መከራ አትጠይቁኝ፤ ስለ ደባርቅ ለማወቅ ከደባርቅ የመጣ ሰው መጠየቅ ነበረብን!

በቃኝ። ውሸታሙን የሚቀልበው ሳያነብ የሚያጋራው ሰው ነው። ዓምደኛዋ ርዕዮት ዓለሙ ከ2003 እስከ 2007 እስር ቤት በቆየችበት አገር፣ አንድ ገጽ ለማንበብ መስነፍ ነውር ነው።

እርግጥ ቁም ነገረኛ የሚባለው ዜናም ቢሆን አይገፋም። ቧንቧችን ደርቆ ጀሪካን ተሰልፎ ሳለ ማታ የሚነገረን «የውሃ ችግሩን ለመቅረፍ የምክክር መድረክ ተካሄደ» ነው። ካሜራው አዳራሽ ገብቶ፣ የታሸገ ውሃ የተደረደረበትን ጠረጴዛ አሳይቶን ይወጣል። ሰፈር ወርዶ አንዲት እናት አይጠይቅም። እንዲህ ያለውን ዜና ትቶ የሸሸ ሰው ላይ አልፈርድም፤ የሸሸበትን ቦታ ነው የማልወደው።

ለዚሁ ለደረቀው ቧንቧችን ውሃ ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ ከ10 ዓመት በላይ ተጓትቷል። የጎንደር ሰው ማወቅ ያለበት ለምን እንደዘገየ፣ ስንት ብር እንደፈሰሰበት፣ ማን እንደሚጠየቅ ነው። ለዚያ ሰነድ የሚያገላብጥ፣ ግድቡ ድረስ ሄዶ የሚያይ፣ አልመልስም ያለውን ኃላፊ ደጋግሞ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ያስፈልጋል። እሱን አሠርቶ የሚያኖረው ደግሞ አንባቢ ነው። ቢጽፈውስ ማን ጊዜ አለው? የሙሽራው ክፍል 15 ተለቋል።