ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። እኔ ሦስት ማዞሪያ ጠምዝዤ፣ አንዷ ቁልፍ እንደተጫነች እንድትቀር በጎኗ እርሳስ ሸጉጬ፣ ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ድምፁ ቀስ ብሎ ሞላ፤ ቀስ ብሎ ጎደለ፤ ደግሞ ሞላ። አሥር ደቂቃ አለፈ። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል እኮ እማዬ።»

«ውይ! እኔ መሣሪያውን እያሞቅከው መስሎኝ።»

እውነት ለመናገር መሞቅም ያስፈልገዋል። አናሎግ ሲንተሳይዘር ድምፁን የሚያወጣው ከኤሌክትሪክ ነው፤ በአብዛኛው አንድ ቮልት ሲጨመርለት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ የአንዷ ቮልት አንድ አሥራ ሁለተኛ እንኳ ብትዛነፍ ከአንዱ ድምፅ ተንሸራትቶ አጠገቡ ካለው ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ብርድና ሙቀት ደግሞ ያዛንፉታል። በሐምሌ ጠዋት ስከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቃናው አይጨበጥም፤ እኔም ቡና ሳልጠጣ እንደዚያው ስለሆንኩ አልፈርድበትም።

ልቤን ያሸፈተው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አልለየውም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ ዳግም ሲታተም ዓለም «የት ነበርክ?» አለው። ይህን ባነበብኩ ማግስት ሜሪላንድ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደውዬ ሲንተሳይዘር አምጣልኝ አልኩት። ኃይሉ መጀመሪያ አኮርዲዮን መጫወት ይችል እንደነበር፣ እኔ ደግሞ ምንም እንደማልችል ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ምንም ለማይችል ሰው የሚሆን ሙዚቃ ግን አገኘሁ፤ አምቢየንት ይሉታል። የስሙ አባት እንግሊዛዊው ብሪያን ኢኖ ነው። በ1975 መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ሳለ አንዲት ወዳጁ የጥንት የፈረንጅ በገና ሸክላ አምጥታለት ሄደች። ሸክላው መዞር ከጀመረ በኋላ ነው ድምፁ ከመጠን በላይ ዝቅ ማለቱን፣ አንደኛው ስፒከርም አለመሥራቱን ያወቀው። ተነስቶ ለማስተካከል አቅም የለውም። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። በገናውና ዝናቡ ተደባልቀው ሲሰማቸው፣ ሙዚቃ እንደ መብራት ወይም እንደ ዝናብ የክፍሉ አንድ አካል ሊሆን ይችላል አለ፤ በ1978ም ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን አልበም አወጣ። አንዱን መኪና አስተኛው፣ ሌላውን መኪና አሳደረው። የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ግማሹ ትራንስፖርት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲንተሳይዘሩን ለገና ሲመጣ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ጉምሩክ ላይ «ምንድን ነው?» ሲሉት «ኦርጋን» ብሎ አለፈ። እሱ ያልነገራቸው፣ ለእኔም ያልነገረኝ፣ እቃው የአሜሪካ መሆኑን ነው፤ 120 ቮልት። የእኛ ግድግዳ 220 ይተፋል። ደግነቱ ሶኬቱ አልገባ ብሎ አዳነኝ። መርካቶ ሄጄ ቮልት የሚቀንስ፣ ድንጋይ የሚያህል ትራንስፎርመር ገዛሁ።

ይህ ትራንስፎርመር ያንጎራጉራል። ሁሉም ትራንስፎርመር በመጠኑ ያንጎራጉራል፣ የእኔው ግን ከልቡ ነው። የመብራታችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የትራንስፎርመር ብረት ደግሞ የዚያን እጥፍ፣ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ፒያኖ ላይ ከወፍራሞቹ ሶሎች አንዱ 98 ነው። እና ምን አደረግኩ? ትራንስፎርመሩን ዝም ማሰኘት ሲያቅተኝ ሲንተሳይዘሩን በእሱ ቃኘሁት። መላው ሥራዬ የተሠራው ትንሽ ከፍ ባለ ሶል ነው። ወደፊት የሙዚቃ ተመራማሪ ምክንያቱን ቢፈልግ መብራት ኃይልን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ከታች ያሉት እትዬ በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ፍሪጃችሁ ሊሞት ነው መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረው።»

እዚህ ላይ ሰው መሆን ነበረብኝ። «እትዬ፣ ያ የእኔ ድርሰት ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «እውነትዎን ነው እትዬ፣ ሠሪ ጠርተናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር «መጣ ሠሪው?» ይሉኛል፤ እኔም «ዕቃ ይጎድላል ብሏል» እላለሁ። ሐሰትም አይደለም። የሚጎድለኝ ዕቃ መቼም አልቆ አያውቅም፤ የፔዳል በሽታ የሚሉት ይህንን ነው።

ፔዳል ለጊታር የተሠራች፣ በእግር የምትረገጥ ትንሽ ሣጥን ናት። የእኔ ተወዳጅ ዲሌይ ናት፤ የገደል ማሚቶ። የአናሎጓ አሠራር እኛ ሰፈር ውኃ ሲጠፋ ካለው ወግ አይለይም። ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰልፈን ባልዲ ስንቀባበል ታውቁናላችሁ? በቺፗ ውስጥም ድምፁ ተቆራርሶ እንደ ውኃ ከባልዲ ወደ ባልዲ ይገለበጣል። ፈረንጆቹም «የባልዲ ሰልፍ» ነው የሚሉት፤ አንዳንዷ ቺፕ 4096 ባልዲ አላት። በእያንዳንዱ ቅብብል ጥቂት ይፈሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ማሚቶ ከመጀመሪያው ይደበዝዛል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይባስ፣ አምስተኛው ላይ የሚደርሰው ውኃ ሳይሆን የውኃ ወሬ ነው። ዲጂታሏ ጠብታ ሳይፈስ ታደርሳለች፤ እኔን ግን ያስለቀሰኝ የፈሰሰው ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «ገንዘቡም ሲፈስ አያስለቅስህም?» አለች።

እናቴ ግን ጆሮ አላት። አንድ የጾም ማታ ልብስ እያጣጠፈች ብዙ ካዳመጠች በኋላ ፍርዷን ሰጠች፦

«አወቅኩት። በገና ነው። ቃሉ ጠፍቶበት እንጂ።»

ከዚህ የተሻለ ሂስ እስካሁን አልደረሰኝም። በእርግጥ የእኛ በገና አሥሩ ጅማቶች በደረቁ አይደለም የሚያወጡት ያንን ንዝረት፤ በየጅማቱና በመቀመጫው መሃል የምትሸጎጥ ቁራጭ ቆዳ አለች። ጅማቱ ቆዳዋን እየነካ ሲርገበገብ ድምፁ ይሻክራል፣ ይረዝማል፣ ክፍሉን ይሞላል። ይህንኑ ለማግኘት እኔ ሁለት ፔዳል፣ አንድ ትራንስፎርመርና ከአክስቴ ልጅ የተበደርኩት ገንዘብ አስፈልጎኛል። ደርዳሪው ደግሞ ንስሐ የሚያስገባ ቃል አለው። እኔ ያለኝ እርሳስ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዋናውን ሥራዬን ልቀዳ ተነሳሁ። ሐሳቤ ኢኖ በዚያው በ1975 ባወጣው ሸክላ አንድ ገጽ የሞላበትን ግማሽ ሰዓት ማለፍ ነበር። ስልኬን መቅጃ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እናቴ አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ ወዲያው ጭልጥ አለች። ሶሉ ሞላ፣ ጎደለ። ማሚቶው እየደበዘዘ ሄደ። ትራንስፎርመሩም እንደዚያን ቀን አድርጎ ዘፍኖ አያውቅም። ሠላሳኛው ደቂቃ ሲያልፍ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በሠላሳ አንደኛው መብራት ሄደ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሲንተሳይዘሩም፣ ፔዳሎቹም፣ ትራንስፎርመሩም፣ እውነተኛው ፍሪጃችንም። እናቴ ከአልጋው ብድግ አለች።

«ማነው ዝም ያለው?»

ከታች የእትዬ ድምፅ በመስኮት መጣ። «እሰይ! ተሠራላችሁ?»

«አዎ እትዬ፣ ተሠራ!» አልኩ።

ስልኬ በባትሪው ነውና ይህን ሁሉ ቀድቶታል። ሳልነካካው ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት፤ ዕዳዬ የት እንደዋለ ይይ ብዬ ነው። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ «አክስቴ የምትገባበት ቦታ ግሩም ነው። ከእሷ በፊት ያለውን ቁረጠው።»