ለማልሄድበት መንገድ ይክፈሉ አሉኝ

ዘንድሮ ደግሞ ልጆቹ ባሕረኛ ሆነዋል። ሊማሊሞን ሲወጣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚያስመልሰው የልጅ ልጄ፣ የዛሪማ ልጅ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጀልባ ሊከራይ ተነስቷል። መጀመሪያ ያሰበው ጣናን እንኳ አልነበረም፤ ካሪቢያንን ነው። ከማርቲኒክ በባለ ሸራ ጀልባ ተነስቶ፣ በየደሴቱ እያደሩ ወርዶ፣ ግሬናዳ ላይ ጀልባውን ለባለቤቱ አስረክቦ በአውሮፕላን መመለስ። ዋጋውን ሲነግረኝ ከመደቡ ብድግ አልኩ። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ደሴት ምን ይሠራለታል?

ደግነቱ ቪዛ የሚባል ነገር አለ። ሐሳቡ ካሪቢያንን ትቶ ባሕር ዳር ወደብ ላይ አረፈ። ጥር 8 ተነስቶ፣ ደቅ ደሴት ላይ አድሮ፣ ጥር 9 ጎርጎራ መውረድ፤ መመለስ የለም። ምክንያታቸውን አልነቅፈውም። ጥምቀትን ጎንደር ማክበር ይፈልጋሉ፤ ከጎርጎራ ጎንደር ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ለከተራው ይደርሳሉ። በእኛ ጊዜ ለዚህ ምክክር አያስፈልግም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር የሚነሳ፣ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ የሚገባ መርከብ ነበር። ቲኬት ትቆርጣለህ፣ ከፍየሉና ከቡናው ጎን ትቀመጣለህ፣ ይወስድሃል። ማንም አስተያየትህን አይጠይቅህም።

እነዚህ ግን ስልክ ላይ ቡድን አቋቁመው ከመስቀል ጀምሮ ይመካከራሉ። ኮሎምቦስ እንኳ ይህን ያህል የተመካከረ አይመስለኝም። ጀልባ ነጂው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳ አላቸው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። እነሱ ድምፅ ሰጡበትና በአብላጫ ድምፅ 3 ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ድምፅ አልሰጠም። ሸራ አለው ወይ ብለው ሲጠይቁት ደግሞ «አለ፣ ለፀሐይ መከለያ» አላቸው። ለካ እንደ ካሪቢያኑ በነፋስ መንሳፈፍ ኖሯል ያማራቸው። ያገኙት ሞተር ነው፤ እሱም ቤንዚን ይጠጣል።

ቀጥሎ የዳጋ ጉዳይ መጣ። ዳጋ እስጢፋኖስን ሳያዩ ጣናን ተሻገርን ማለት አይቻልም፤ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲልም አፅም ያረፈው እዚያ ነው። ግን ሴት አይገባበትም፤ ከቡድኑ ደግሞ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ጀልባ ላይ ይጠብቁ ያለው ልጅ እስከ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቃል። ናርጋ ሥላሴን አሳዩአቸው አልኩ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ተስማሙ። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዘለው ሊገቡ ጎንደር ድረስ ይሄዳሉ፤ ፋሲልን ራሱን ግን በሩቁ እጅ ነስተው ያልፉታል።

ስለ ምግቡ ምን ልበል? ጎርጎራ የገዙትን ዓሣ ጎንደር ወስደው በማግስቱ ሊጠብሱ አቅደዋል። በማግስቱ ጥር 10 ነው፣ የጥምቀት ዋዜማ። «ገሀድ ነው፣ ትጾማላችሁ» ስላቸው ገሀድ የሆቴል ስም ነው ወይ ያለችኝ አለች። ስለ እምቦጩም ነግሬያቸዋለሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ የታየው አረም ሞተር ላይ ከተጠመጠመ ጀልባው ቆሞ ይቀራል። መፍትሔያቸው ፎቶ ማንሳት ነው።

ይኼን ሁሉ በትዕግሥት አሳልፌ ነበር። አንድ ማታ ግን የልጅ ልጄ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለና «አባባ፣ አንቱም ይምጡ እንጂ» አለኝ። ግብዣ መስሎኝ መረቅሁት። ለካ ሰው ሲበዛ መዋጮው ይቀንሳል! ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን አሳየኝ። ኪራይ፣ የነጂው አበል፣ የደቅ ማደሪያ፤ ከሥር ደግሞ ቤንዚን፣ ደርሶ መልስ።

«መሄጃ ብቻ አላላችሁም?»

«እኛ አንመለስም አባባ፤ ጀልባው ነው የሚመለሰው።»

«ታዲያ ጀልባው ይክፈላ!»

ካሪቢያንም እንዲሁ ነው አለኝ፤ ጀልባውን ሌላ ደሴት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ለመመለሻው ተጨማሪ ይከፍላል። የፈረንጅ ደንብ እኔን አያሳምነኝም። በቅሎ ተከራይቼ ከዛሪማ ደባርቅ ስወጣ ባለበቅሎው የመመለሻ ጠይቆኝ አያውቅም። ከገበያው ገብስ ይጭንና እየዘፈነ ይወርዳል። ጀልባ ነጂውስ ከጎርጎራ የሚጭነው ያጣል? ሽንብራ ይጫን፣ ሰው ይጫን! ይህን ስል ልጁ ሳቀና ለጓደኞቹ ጻፈላቸው፤ እነሱም የሚስቅ ፊት ላኩ። ለሐሳቤ የተሰጠው መልስ ይኸው ነው።

አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩበት። ጠዋት ጠርቼ ድርሻዬን፣ መመለሻው ሳይቀር፣ በጥሬው ቆጥሬ ሰጠሁት። ደነገጠ።

«ጥር 8 አልመጣም» አልኩት። «ጥር 9 በመኪና ጎርጎራ ወርጄ ወደቡ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እናንተ ስትወርዱ እኔ እሳፈራለሁ። ቤንዚኑ ተከፍሏል፣ ጀልባው ባዶ ነው፣ ነጂውም ሰው አያዋራም አልተባለም። ዳጋ ወርጄ ፋሲልን እሳለማለሁ፤ ጥምቀትን ባሕር ዳር አከብራለሁ።»

ብዙ ቆየ። «ከባሕር ዳርስ ዛሪማ በምን ይመጣሉ?» አለ።

«በአውቶቡስ። እሱ ካወረደኝ በኋላ ለሚመለስበት አይጠይቀኝም።»