ሙድ የተያዘበት መምህር

በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ ተብሎ ተማሪው ሁሉ ወደየቀዬው ሲበተን፣ እኔ መካነ ሰላም ተቀምጬ በሰላም ጡረታ የምወጣበትን ቀን እቆጥር ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ግን በኦንላይን ይቀጥላል ተባለ። በምን? ለሱማ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሽበቴን አይተው ነው መሰል እኔንም አባል አደረጉኝ።

«ጋሼ፣ ሙድልን እንዴት አዩት?» አለኝ አንዱ ልጅ እግር። ሙድ የያዘብኝ መስሎኝ ቱግ አልሁ። ለካ የማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው! በነጻ ይገኛል አሉኝ። ሰርቨሩ ግን ሌት ተቀን መብራትና የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ መብራቱ ራሱ ጠባቂ የሚያሻው ነው።

ጉግል ክላስሩም የሚልም ተነሳ። እሱ ኢሜይል ይላል፤ ኢሜይሉ ፓስዎርድ ይላል። ፓስዎርዴን ሦስት ጊዜ ቀይሬ አራቱንም ረሳኋቸው።

እንግዲያው ዙም ተባለ። በነጻ ከሆነ ለብዙ ሰው 40 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ኧረ ወገን፣ ለወሎ ሰው 40 ደቂቃ ለሰላምታ ይበቃል? እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ በልጉ ዘነበላችሁ ወይ እያልሁ ገና ወደ ትምህርቱ ስገባ ድርግም! የሳይንቱ ልጅ ድምፁ አለ፣ መልኩ የለም። የከላላዋ መልኳ አለ፣ ድምጿ የለም። ከደንቆሮ ጫካ ወዲያ ያለው ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ ላይ ይወጣል፤ የሚሰማኝ ነፋሱ ብቻ። ከክፍሉ ሁሉ አንድም ቀን ያልቀረ ተማሪ ነፋሱ ነው።

ደግሞ ለኔ አዲስ ይመስል! ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር፣ በ1997 ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት መጥቶብን የለም እንዴ? የሳተላይቱ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ጎበዞች ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ገና ርእሱን እየጻፉ ነው። የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆኖ ቀረ።

ኮሚቴው ውስጥ፣ «ለመሆኑ ልጆቹ ምን ዓይነት ስልክ ይዘዋል? ባትሪውንስ የት ይሞላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አጀንዳው እሱ አይደለም፤ አብሽር ጋሼ» ተባልሁ። አበሸርሁ።

መላውን ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ድምፅዎን ይቅዱና በቴሌግራም ይላኩላቸው» አለችኝ። አሥር አሥር ደቂቃ እያደረግሁ ቀዳሁ። ድምፅ እንደ ቪዲዮ ካርድ አይበላም። ልጁ ለገበያ ከተማ ብቅ ሲል ያወርደዋል፤ አገሩ ገብቶ ከብት እየጠበቀ ያዳምጠዋል። ያልገባውን ደግሞ ይደጋግመዋል፤ ክፍል ውስጥ ማን ደፍሮ ይድገሙልኝ ይለኛል?

«በሉ ግሩፕ ክፈቱ» ስላቸው፣ «ድሮም አለን ጋሼ» አሉኝ። ካምና የተከፈተ ነው፤ ያልገባሁት እኔ ብቻ! ሲያስገቡኝ ስሙን በጥድፊያ ቀየሩት። ወደ ላይ እየገፋሁ ሳነብ ግን የቀድሞውን አገኘሁት፦ «አባ ጠመኔ»።

አሁን ይሄስ ሙድ አይደለም?