ዝናብን ከጣሪያ ሥር ስለ መውደድ

በክረምት ተራራ ላይ ማረፍ ማለት ገንዘብ ከፍሎ፣ መኪና ተከራይቶና ጭቃ አቋርጦ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ አዲስ አበባም በነጻ ይገኛል። የከተማው መቀመጥ ግን ከስልክ፣ ከጎረቤትና ካልታጠበ ልብስ ጋር የተቀየጠ ስለሆነ ጥራቱ ዝቅተኛ ነው። ምንም ያልተቀላቀለበት መቀመጥ የሚገኘው ከ3000 ሜትር በላይ ነው።

ይህን ለመመርመር የሚመቸው ቦታ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኘው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ነው። የሰሜን ተራሮችም ሆኑ ባሌ በከፍታ ይበልጡታል፤ ነገር ግን ጓሳ ላይ ለዝናብ የሚያስፈልገው መከላከያ ሁሉ ዝናቡ ራሱ ከሚያበቅለው ሣር ይሠራል። ቤት የሚከደነው ጓሳ በሚባለው በዚሁ ሣር ነው፤ ገመዱ የሚገመደው ከጓሳ ነው፤ ገበሬው ዝናብ ሲመጣ ጀርባው ላይ ጣል የሚያደርገው ገሳም ያው ጓሳ ነው። ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባና ሲጨመር የአካባቢው ሰው ለክረምት ከገበያ የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው። እንግዳው ግን በሦስት ሻንጣ ይመጣል፤ ጃንጥላውንም ይረሳል።

የዝናቡ ምክንያት ውስብስብ አይደለም። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ከሚወርደው ገደል ጭጋግ እየተነሣ ዳር ዳሩን ይሸፍናል። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከአዲስ አበባ በሹራብ የተነሣ ሰው ሲደርስ የሹራቡን ግማሽ ያጣ ያህል ይሰማዋል። ክረምት ላይ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ መዝነብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው የሚነሣው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በመሆኑ፣ ሰማዩ ጠርቶ እንደነበር የሚመሰክረው ሁልጊዜ ዘበኛው ብቻ ነው።

ጣሪያ በዚህ ዕረፍት ውስጥ ያለው ድርሻ ከምግብ ቀጥሎ ነው፤ አንዳንዱ ከምግብም ያስቀድመዋል። ቆርቆሮ ካፊያን ዶፍ ያስመስላል፤ የሣር ክዳን ዶፍን ካፊያ ያስመስላል። ስለዚህ እንቅልፍ የሚፈልግ ሣሩን፣ ተመልሶ የሚያወራው ወሬ የሚፈልግ ቆርቆሮውን መምረጥ ይገባዋል። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም። በመንገድ ላይ ተጣልተው የመጡ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚታረቁት በዚህ ሰዓት ነው።

ከጣሪያው ሥር እሳት አለ። ከተማ ውስጥ ክብሪት ጭሮ የማያውቅ ሰው ተራራ ላይ ምድጃ ሲያይ የአያቶቹ ዕውቀት በድንገት ይመለስለታል። እንጨቱን ይደረድራል፤ ደርድሮ ያፈርሳል፤ ጋዜጣ ይጨምራል፤ አጎንብሶ እፍ ይላል። የሚገኘው ውጤት ጢስ ነው። እያንዳንዱ ታዛቢ የተለየ አስተያየት ያቀርባል፤ አስተያየቶቹም ሁሉ ጢሱን ያበዙታል። በመጨረሻ የሎጁ ሠራተኛ ገብታ አንዷን ጉማጅ ትንሽ ገፋ ታደርጋለች፤ እሳቱም ይያያዛል። ከዚያ በኋላ «ነገርኳችሁ!» የሚለው ያው እፍ ሲል የነበረው ሰው ነው።

በምግብ በኩል አንድ የፊዚክስ ችግር አለ። በ3200 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳት ቢጨመርም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ በዚህ ምክንያት ይዘገያል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ብዙም አይጎዳም፤ የደጋ ሰው በሽሮ ላይ ያለው እምነት ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው ከዚህ ይታያል። ንፍሮው እስኪበስል የሚበላው ቆሎ በሰዓት ቢለካ ከምሳው ይበልጣል።

እንግዶች በጠባያቸው ይለያያሉ። በየቤቱ አንድ ሰማይ ተርጓሚ አይጠፋም፤ በየሩብ ሰዓቱ በሩን ከፍቶ «ሊያባራ ነው» ይላል፤ ብርዱን ካስገባ በኋላ ይዘጋዋል። ካርታ ተጫዋቹ በኮንከር ያለ ሥራ የዋለበትን ቀን በድል ይዘጋል። ልዩ ትኩረት የሚገባው ግን ኔትወርክ ፈላጊው ነው። ይህ ሰው ከስልክ ለመሸሽ እንደመጣ በመንገዱ ሁሉ ሲናገር የቆየ ነው። ምሳ ሲበላ ባና ተከናንቦ ወደ ጉብታው ይወጣል፤ አንድ መስመር ሲያገኝም ወደ አዲስ አበባ ደውሎ ኔትወርክ እንደሌለ በሰፊው ያስረዳል።

ከመስኮቱ ውጭ ጭላዳ ተቀምጧል። ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነው እሱ ብቻ ነው፤ ሣሩን የሚያበቅለውም ዝናቡ ነው፤ ስለዚህ ጎፈሩ ርሶም ቅሬታ አያሳይም። እንግዳው ጭላዳውን በመስተዋት በኩል ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ላይ የሚወጣው የራሱ ፊትና የኋላው ምድጃ ነው።

የዚህ ዕረፍት ዋና ሕግ እዚህ ላይ ይገለጻል፦ ዝናብ የሚያስደስተው ሌላ ሰው ሲረጥብ ነው። ከሕጉ ውጭ የሚሆነው ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ብቻ ይመስላል፤ ያን ቀን የሚወርደው እንደ ጸበል ስለሚቆጠር ከተሜውም ወዶ ይበሰብሳል። በቀረው ጊዜ እንጨቱን ከደጅ የሚያመጣ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ በሬውን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ከሚረጥቡት አንዱ የሣሩ ጠባቂ ነው፦ መንዞች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ስፍራው ለዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ እንደገና ተደራጅቶ ቀጥሏል። ጠባቂ ደግሞ ዝናብ ነው ብሎ አይቀርም። እንግዳው በረንዳ ላይ ቆሞ «እንዴት ደስ ይላል፣ አባባ!» ሲል፣ ገሳ የለበሱት ሽማግሌ «አዎ ልጄ፣ ተመስገን» ይላሉ። እንግዳው ስለ ዝናቡ ድምፅ፣ ሽማግሌው ስለ ገብሱ መናገራቸው ነው፤ ውይይቱ በሙሉ ስምምነት ይጠናቀቃል።

የመመለሻው ዕለት ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን ፀሐይ ትወጣለች፤ ይህ እስካሁን በቂ ማብራሪያ አላገኘም። ሁሉም አንድ ቀን መጨመር እንደነበረበት ይስማማል፤ ሹፌሩ ግን መንገዱን ስለሚያውቅ አይስማማም። ደመናው የሚመለሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ነው። መኪናው ማጥ ውስጥ ገብቶ እንግዳው በነጭ ስኒከር ወርዶ መግፋት ሲጀምር፣ የሚዘንበው ዝናብ በመጠንም ሆነ በዓይነት ከትናንቱ አይለይም። ሆኖም ጣሪያ ስለሌለበት ከዕረፍት ጥናት ወጥቶ የመንገድ ጉዳይ ይሆናል።