ፌስታልን በሙሉ ነዋሪነት ለመቀበል የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በደባርቅ፣ በዳባትና ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ደጋው ጫፍ የምትኖሩ፣ ገበያ የወጣችሁ፣ ከገበያ የተመለሳችሁ፣ ዘምቢላችሁን ቤት ትታችሁ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ! ማንም ሳይሾመን ራሳችንን የሾምን እኛ፣ ነገሩን በሚገባ መርምረን፣ ፌስታልና ወንድሙ ሃይላንድ ከዛሬ ጀምሮ የአካባቢው ሙሉ ነዋሪዎች መሆናቸውን፣ የቀበሌ መታወቂያ እንደሚገባቸው፣ «ቆሻሻ» ብሎ የሚጠራቸውም በስም ማጥፋት እንደሚጠየቅ አውጀናል።

ለነዋሪነት ዋናው መስፈርት መቆየት ነው። ቱሪስት ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ፈጽሞ፣ ሳንቃ በርና ግጭ አድሮ፣ ጭላዳ ፎቶ አንስቶ አገሩ ይገባል። የጠጣበት ሃይላንድ ግን የትም አይሄድም። ፀሐይ ቢያደርቀው ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም፤ ስባሪውም እዚያው አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ጠባዩም ጭምት ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ሲያስጨንቀን ክሱ የቀረበው በዋናነት በእርሻ፣ በግጦሽና በዋልያ መመናመን ላይ ነበር። ፌስታል ከተከሳሾቹ ጋር አልቆመም። ከዚህም በላይ አገር አስጠሪ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ተሳፍሮ ወደ ዛሪማ፣ ከዛሪማ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜ ወደ አትባራ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ግድብ ካላስቆመው በቀር ፓስፖርት የጠየቀው የለም።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ «ፌስታል እኮ ድሮ ነው የተከለከለ» ብሎ ይነሳብን ይሆናል። እውነቱን ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዲመረት ወይም ወደ አገር እንዲገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ችግሩ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትመዝነው እናት የያዘችው ሚዛን ነው፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ መሣሪያ ማንም አልሰጣትም። ዓይን የማያየውን ወሰን ያሰመረ ሕግ ቆጣሪ ሳይኖረው ዓመታት ሲቆጠሩ፣ ፌስታል በየሱቁ አድጎ በ2017 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞላው፤ ለአካለ መጠን ደረሰ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በዚያው ዓመት አዲስ አዋጅ አጽድቆ ፌስታሉን ፈጽሞ ከለከለው፤ ይዞ የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ወሰነ። ለአምራቹና ለአስመጪው የተቀመጠው ቅጣት ከዚህ እጅግ የከበደ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ዳባት ገበያ ላይ ቆሞ የሚያገኘው አምራቹን ሳይሆን ሁለት ኪሎ ድንች የገዛችውን እናት ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያም በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል። እኛም ከልክለናል፤ ግን እንግዳ አክባሪዎች ነን።

«ሕዝቡ ንጽሕና አያውቅም እንጂ ዕቃው ምን አደረገ?» የሚል ደግሞ ሌላ አለ። ለዚህ መልስ ከየትም አናመጣም፤ ደባርቅ ካለ አንድ ግሮሰሪ ደጃፍ ያለውን ማየት ይበቃል። እዚያ የዳሸንና የዋልያ ቢራ ባዶ ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ በተርታ ቆሞ መኪና ይጠብቃል። የራስ ዳሸን ስምና የዋልያ ቀንድ የተለጠፈበት ጠርሙስ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ተሞልቶ ይመጣል። የተራራና የምንጭ ሥዕል የተለጠፈበት ሃይላንድ ግን ከዚያው ደጃፍ ተነስቶ ገደል ይገባል። ጠጪው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቢራውን ማታ ጠጥቶ ውኃውን ጠዋት የሚጠጣ ሞልቷል። ታዲያ ያው ሰው ማታ ሥልጡን፣ ጠዋት ባለጌ የሚሆነው በምን ተአምር ነው? ርቀት ነው እንዳንል፣ ሁለቱም የሚሄዱት እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዚያው መንገድ ነው። ክብደት ነው እንዳንል፣ ከባዱ ብርጭቆ ተመልሶ ቀላሉ ፕላስቲክ ቀርቷል። ልዩነቱ የቢራው ጠርሙስ መያዣ ያለበት መሆኑ ነው። ባዶውን ያላመጣ ባለ ግሮሰሪ ኪሱ ይጎዳል፤ ሙሉውን ያራገፈው መኪናም ባዶውን ጭኖ ስለሚመለስ ለመልሱ ጉዞ የተለየ ወጪ የለውም። ሃይላንድን ግን ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ የሚጠራው የለም። አዲስ አበባ ላይ እንኳ በኪሎ የሚገዛው ስላለ ለቃሚ አያጣም፤ እዚህ ግን አየር የሞላበትን ላስቲክ ጭኖ አገር የሚያቋርጥ ነጋዴ ትርፉ ምን ላይ ነው?

ስለዚህ መታወቂያ የሚሰጠው ነዋሪ እንደማንኛውም ሰው ዋስ ይጠራል። የሃይላንድ ዋስ አሽጎ የሸጠው ነው፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ መያዣ ይቀመጥ፣ ውኃ ያመጣውም መኪና ባዶውን ይዞ ይመለስ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሚጣሉ የመጠጥ ጠርሙሶች ላይ መያዣ ታስከፍላለች፤ ዛሬ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። «እነሱ ማሽን አላቸው» ለሚለን፣ የቢራ ሳጥን የሚቆጥረው የደባርቅ ልጅ የትኛውን ማሽን ይዞ ነው? ውኃው ይወደዳል የሚል ስጋት አለ፤ ባዶውን ለመለሰ ሰው አይወደድም። ፌስታልን በመያዣ ማስመለስ እንደማይቻል ግን እናምናለን፤ ስስ ነው፣ ይቀደዳል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ለእሱ ክልከላው ከፋብሪካና ከአስመጪው መጋዘን ይጀምር፤ እስከዚያም ድረስ ባለ ሱቅ «በነጻ ነው» ማለቱን ትቶ ዋጋውን ለብቻው ይጥራ። አሁንም ቢሆን ነጻ አይደለም። ዋጋውን በግ የሞተበት ገበሬ ይከፍላል፤ በአገራችን ቄራዎች የተደረጉ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች ከታረዱ ከብቶችና በጎች ሆድ ከሚወጡት ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ ግንባር ቀደም መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

አቁማዳና አገልግል ይመለሱልን የሚሉ አቤቱታዎችም ደርሰውን አይተናቸዋል፤ ግማሹን ተቀብለን ግማሹን መልሰናል። እህል በአቁማዳ፣ ምሳ በአገልግል፣ አትክልት በዘምቢል ቢጓዝ ደስታችን ነው። ጨው ግን በቁና እየተሰፈረ ይሸጥ የሚለውን አንቀበልም። እንቅርት ባስቸገረው ደጋ አዮዲን የገባበት ጨው ሲመጣ፣ አዮዲኑ እርጥበትና ፀሐይ እንዳያጠፋው በደንብ መታሸግ አለበት። መድኃኒትም እንዲሁ፣ የሕፃን ወተትም እንዲሁ። ማሸጊያ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብለን ብናውጅ ይህን የምንናገርበት ጉሮሮ ያብጥብናል። ጥያቄያችን ለአሥር ደቂቃ መንገድ ዘመን የማይሽረው ልብስ ለምን ይለበሳል የሚል ነው። ደግሞም ሕዝቡ ዕቃ መጣል የሚወድ ሆኖ አላገኘነውም፤ ማዳበሪያ ከረጢቱ እህል ይሰፈርበታል፣ በሃይላንዱ አረቄ ይቀዳበታል፣ ጠበል ይወሰድበታል። የሚጣለው ሌላ ሥራ ያጣው ብቻ ነው።

የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ፌስታልና ሃይላንድ በዚህ አዋጅ ያገኙት መብት የሚጸናው፣ ባለ ሱቅ ሃይላንድ ሊገዛ የመጣውን ደንበኛ «ባዶውን የታል?» ብሎ እስከሚጠይቅበት ቀን ድረስ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መታወቂያቸው ይነጠቃል፤ አዋጁም ይሻራል። አዋጁ በወረቀት ብቻ ታትሞ ይሠራጫል፤ በፌስታል ጠቅልሎ ማደል ክልክል ነው።